ባይናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል
ስለ ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ትምህርት

«ባይናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ሹመትና ስለ ደጅ ጥናት የተነገረ ነው እንጂ ስለ ቋንቋ ትምህርት የተነገረ አይደለም። ዳሩ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በገዛ ቤተሰቤ በደረሰው ነገር የዚህን ተረት ቃል በሌላ መንገድ አስተዋልኹት። ስለዚህ ለልጆቻቸው ትምህርት ለሚያስቡ አባቶችና እናቶች ምናልባት ይጠቅም እንደ ኾነ ብዬ ነገሩን እንደ ኾነው አድርጌ እጽፋለኹ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው እኔው ራሴ ስለ ኾንኹ የማማው ሌላ ሰው የለኝም።

የተወለድኹት በደቡብ ጎንደር፥ በእስቴ ወረዳ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። አገሩ በአንድ ወገን የጉና ተራራ ብርድ የሚነፍስበት፥ በደቡብ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ፥ ሕዝቡም በእርሻና በከብት የሚኖር ነው። የዚያ አካባቢ ዝና ግን ከእኽሉ ይልቅ በትምህርቱ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ሰው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ይዘልቃል፤ አቋቋምም በደብረ ታቦር ስም የሚጠራ የራሱ ስልት አለው። እኔም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ፥ ዳዊት ደግሜ፥ ቅኔም እስከ ጉባኤ ቃና ጀምሬ ሳለኹ አባቴ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛወረኝ። በዚያና በኋላም በአዲስ አበባ እንግሊዝኛ ተምሬ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በእርሱ ነው።

እኅቴ በመካነ ኢየሱስ ትኖራለች። የበኵር ልጅዋ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ፥ ጠያቂና ትጉህ ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል በገባ ጊዜ ግን ትምህርቱ ኹሉ በእንግሊዝኛ ስለ ኾነ ነገሩ ተለወጠበት። በስልክ ሲያነጋግረኝ «ጋሼ፥ መምህሩ በአማርኛ ሲተረጕሙልን ይገባኛል፤ የፈተናው ወረቀት ሲመጣ ግን ጥያቄው ራሱ ምን እንደሚል አላውቀውም» አለኝ። እኔም አዋቂ መኾኔን ለማሳየት ያኽል አንድ ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ላክኹለትና «ይህን በቃልኽ አጥናው፤ ከዚህ ወዲያ የሚቸግርኽ ነገር የለም» ብዬ አዘዝኹት። ልጁም ትእዛዜን ሳያጓድል ፈጸመ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ በወጣ ጊዜ ከተፈታኞቹ መካከል ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መኾናቸው ተነገረ፤ የእኅቴ ልጅ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ኾነዋል። የዚህ ኹሉ መውደቅ ምክንያት እንግሊዝኛ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን የሥነ ሕይወቱም፥ የታሪኩም፥ የመልክዐ ምድሩም ጥያቄ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና፥ ጥያቄው ያልገባው ልጅ የሚያውቀውን እንኳ ለማሳየት በር አያገኝም። ዕውቀቱ በጎተራ ውስጥ እንዳለ እኽል ነው፤ የጎተራው መክፈቻ ግን ከእጁ የለም።

ያን ጊዜ ልጁን ለማጽናናት ወደ መካነ ኢየሱስ ሄድኹ። የላክኹለት መጽሐፍ ጥጉ ተቈልምሞ፥ ቅጠሉ በእጅ ብዛት ጠቍሮ ባየኹት ጊዜ ደንገጥ አልኹ። ከመጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ብጠይቀው፥ የግሡን ጊዜያት ከነትርጓሜያቸው ትንፋሽ ሳይወስድ እንደ ውዳሴ ማርያም አወረደልኝ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ከጧት ጀምሮ ምን ስትሠራ ዋልኽ?» አልኹት። ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም አለ። እንዳላሳፍረው ብዬ ወረቀት ሰጠኹትና «ልጁን ውሻው ነከሰው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ አልኹት። በእንግሊዝኛ ግሥ በመካከል እንደሚገባ በቃሉ ይዞታልና «ልጁ» ብሎ ጀመረ፥ በመካከል «ነከሰ» ብሎ አገባ፥ በመጨረሻም «ውሻ» ብሎ ዘጋ። እንግዲህ በጽሕፈቱ ነካሹ ልጁ፥ ተነካሹ ውሻው ኾኖ ዐረፈው።

በአማርኛ «ልጁን» በምትለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ን» ተነካሹን ስለምታሳይ ቃሉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብናዛውረው ነገሩ አይፋለስም። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለች ጠባቂ የለችምና አድራጊውን ከተደራጊው የሚለየው የቃሉ መቀመጫ ነው። ይህን ሕግ ልጁ በመጽሐፍ አንብቦታል፤ ነገር ግን በአፉና በእጁ ሠርቶበት አያውቅም። እኅቴ ከምድጃው አጠገብ ኾና ስታዳምጥ ቆይታ «ወንድም ዓለም፥ ይህ ልጅ ሌሊቱን ኹሉ ኵራዝ እያበራ ሲያነብ አይቼዋለኹ፤ እንግዲህ ምን ጐደለው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣኹ።

በማግስቱ፥ በልጅነቴ ያስተማሩኝን የኔታን ለመሳለም ሄድኹ። ዕድሜያቸው ገፍቶአል፤ ቢኾንም ተማሪዎች ዛሬም በደጃቸው ጎጆ ቀልሰው ይማራሉ። የልቤን ኀዘን ሳጫውታቸው እንዲህ ተባባልን።

«በቀን ስንት ቤት ይቈጥራል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የኔታ፥ የተማረው እኮ እንግሊዝኛ ነው፤ ቅኔ አይደለም» አልኋቸው።

«እርሱን ዐውቃለኹ። እኔ የምጠይቅኽ፥ ከገዛ ልቡ አውጥቶ በዚያ ቋንቋ በቀን ስንት ነገር ይናገራል? ሲናገርስ ማን ይሰማዋል? ሲሳሳትስ ማን ያቃናዋል?»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ መጽሐፉን ግን በቃሉ ይዞታል» አልኹ።

«ታዲያ ግሡን ኹሉ አውርዶ አንዲት ጉባኤ ቃና ያልቈጠረ ተማሪ ቅኔ ያውቃል ይባላል ወይ?» አሉና ጥቂት ዝም ብለው «አንተም እኮ ከዚሁ የተነሣኽ ነኽ፤ ረሳኸው እንጂ» አሉኝ።

እውነት ነው፤ ረስቼው ነበር። ግዕዝ ከብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ እናት ለልጅዋ የምትናገረው ቋንቋ አይደለም። ይኹንና ከስማዳ ወይም ከጎጃም አኵፋዳውን አንጠልጥሎ የመጣ የገበሬ ልጅ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚህ ቋንቋ ከራሱ ልብ አዲስ ነገር አመንጭቶ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ያሰማል። ይህ የሚኾነው ልጁ ከሌላው ልጅ ይልቅ ብልህ ስለ ኾነ አይደለም፤ የትምህርቱ ሥርዓት ስለሚያደርሰው ነው።

በቅኔ ቤት መጀመሪያ የኔታ ይዘርፋሉ፤ ተማሪውም ይሰማል፥ ሰሙና ወርቁም ይተረጐምለታል። ማታ ማታ ግሡን ከነርባታው ያወርዳል። ነገር ግን ሥርዓቱ በዚህ አያበቃም። ተማሪው ለብቻው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቈጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ያቃኑለታል። የጀማሪው ቅኔ ጉባኤ ቃና ኹለት ቤት ብቻ ናት፤ ከእርስዋ ሲወጣ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ወር የሚጠይቀው የለም። ተማሪው ብዙ በኾነ ጊዜም ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እያስቀጸለና እያስነገረ የኔታን ያግዛል እንጂ፥ አንድም ልጅ ሳይናገርና ሳይሰማ አይውልም።

አኹን የእንግሊዝኛውን ክፍል እንመልከት። የአንዱ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ፥ የተማሪውም ቍጥር 60 ነው እንበል። መምህሩ አንድም ቃል ሳይናገር ጊዜውን ኹሉ ለተማሪዎቹ ቢያካፍል፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ብቻ ነው። መምህሩ ግን ማስረዳት አለበት፤ ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ሳምንቱን ኹሉ አንዲት የራሱን ዐረፍተ ነገር ሳይናገር ይከርማል። መምህራኑ እንዳይወቀሱ፥ እነርሱም በዚሁ መንገድ ተምረው የወጡ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን በተዘረጋ ጊዜ ብዙዎቻችን መፍትሔ ተገኘ ብለን ነበር። በርግጥ በመስኮቱ የሚታየው መምህር የጠራ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ ዳሩ ግን የሚጠይቅ እንጂ መልስ የሚሰማ አልነበረም። ይህም የኔታ ዘርፈው ተማሪው ሳይነግር እንደ መበተን ነው።

የፊተኞቹ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ለምን እንደ ቀናቸውም ከዚሁ ጋር ይታያል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ የውጭ አገር ቋንቋ ዋና ትምህርት ነበር፤ እስከ ጠላት ወረራም ድረስ የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ፤ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ትምህርት ቤቶች ተሠማሩ። የዚያ ዘመን ተማሪ ቍጥሩ ጥቂት ነበረ፤ ብዙው አዳሪ ነበረ፤ አማርኛ ከማያውቅ መምህር ጋር ስለሚውል ውሃ ለመጠየቅና ፈቃድ ለማግኘት እንኳ በእንግሊዝኛ መናገር ግድ ይኾንበት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ ከኹለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲኾን አዘዘ። ትምህርት ለብዙ ሚሊዮን ልጆች መዳረሱ ታላቅ በረከት ነው፤ ያ የመናገር ግድ ግን ከበረከቱ ጋር አብሮ ሊዳረስ አልቻለም። እንግዲህ ይህን የጐደለውን ነገር ከየት እናምጣው ብንል፥ ገንዘብ የማይጠይቀው ስፍራ ቤታችን ነው።

ከየኔታ ዘንድ ስመለስ እንዲሁ አደረግን። የእኅቴ ልጅ ታናሽ እኅት አለችው፤ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ባለ ሠላሳ ኹለት ቅጠል ደብተር ገዛኹላትና «በየቀኑ ኹለት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ከመጽሐፍ ግን አትቅጂ፤ በዚያ ቀን ያየሽውን ወይም የሠራሽውን ብቻ ይኹን» አልኋት። ታላቅ ወንድሟን አስነጋሪ አድርጌ ሾምኹት። እናቲቱ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ማታ ቡና ሲፈላ ልጅቱ ቆማ በእንግሊዝኛ እንድታሰማት፥ ከዚያም በአማርኛ እንድትተረጕምላት አደረግን። የመጀመሪያዪቱ ቀን ነገር ላማቸው መውለዷንና ጥጃዋ ጥቍር መኾንዋን የሚናገር ነበር። በዚያች አጭር ነገር ውስጥ አራት ስሕተት ነበረባት። ወንድሟ አራቱንም በቀይ ቀለም ሊያሰምርባቸው ሲነሣ ከለከልኹት፤ አንዱን ብቻ እንዲያቃና፥ እርስዋም የተቃናውን ደግማ እንድትለው አደረግኹ። አራቱን በአንድ ጊዜ የተቀጣ ልጅ በማግሥቱ አፉን አይከፍትምና።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የእርስዋም ትምህርት ተቋረጠ። ስልክም በተቋረጠበት ጊዜ ለብዙ ወራት ወሬያቸውን ሳልሰማ ቆየኹ። በኋላ መንገድ ያገኘ ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከእናቲቱ ዘንድ አንድ ጥቅል አመጣልኝ፤ ብፈታው ደብተሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሞልቶ ኹለተኛውና ሦስተኛው ተጨምሮበታል። ኹለት የነበረው ዐረፍተ ነገር አምስትና ስድስት ኾኖአል። በአንደኛው ገጽ፥ ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ቀኑ እንደሚረዝምባት፥ ወንድሟ ግን በየማታው እንደሚያዳምጣት ጽፋለች። ስሕተት አለበት፤ ነገር ግን በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንደ ተናገረና ማን እንዳዳመጠ ቦታውን ለቆ የተሳከረ የለም። ያንን ገጽ ባነበብኹ ጊዜ ዕንባዬን መግታት አልቻልኹም።

ወንድሟ እስካኹን ወደ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። እኅቱን ሲያስነግር እርሱም አፉ እየተፈታ ሄዶአል፤ ዛሬ ስልክ ሲደውልልኝ ከፊሉን በእንግሊዝኛ ያጫውተኛል፤ ዳግመኛ ሊፈተንም ይዘጋጃል። የጠፋውን ዓመት ግን ማንም አይመልስለትም። በእኔ ምክር መሳሳቱን ያውቃል፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም፤ ይህ ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ይከብደኛል።

ከዚህ የተማርኹትን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፥ ልጅ በየቀኑ ጥቂት ነገር ከራሱ ኑሮ አውጥቶ ይጻፍ፥ ጮኾም ያሰማ፤ ኹለት ዐረፍተ ነገር በቀን፥ በዓመት ከ700 ይበልጣል። ኹለተኛ፥ የሚያዳምጠው ሰው ይኑረው፤ አዳማጩ እንግሊዝኛ ባያውቅ «ምን ማለትኽ ነው?» ብሎ ማስተርጐም ይበቃዋል። ሦስተኛ፥ ታላቁ ታናሹን ያስነግር፤ የሚያስተምር ኹለት ጊዜ ይማራልና። አራተኛ፥ ስሕተቱን አንድ በአንድ እናቃና እንጂ አንሣቅበት። አምስተኛ፥ ቃልን ለብቻው ሳይኾን በነገር ውስጥ ያጥና። ጽሕፈቱንም ከድምፁ ጋር ያጥና፤ የእኛ ፊደል እንደ ተጻፈ ሲነበብ የእንግሊዝኛው ግን አይታመንም፤ ሌሊት ማለት የኾነው «ናይት» አምስት ፊደል ይዞ ኹለቱ በአፍ አይሰሙም። ስድስተኛ፥ ልጁ አስቀድሞ በአማርኛ አጥርቶ ማንበብና መጻፍ ይቻል፤ በገዛ ቋንቋው ዐሳቡን መግለጥ ያልለመደ በባዕድ ቋንቋ ምን ይገልጣል?

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ጊዜ የለንም» ይሉኛል። እኔም ጊዜ ያጣኹ መስሎኝ ነበር መጽሐፍ የላክኹት፤ መጽሐፍ መላክ ከማዳመጥ ይቀላልና። ልጆቻችንን ለማስተማር ገንዘብ የማንሰስት አባቶች ጆሮአችንን ግን እንሰስታለን። ልጁ የሚናገረው የሚሰማው ሲያገኝ ነው፤ ባይናገር ደግሞ ደጃዝማችነቱ ቀርቶ የፈተናው ወረቀት እንኳ አይከፈትለትም። በየቤታችን ማታ ቡና ሲፈላ የሚቆም አንድ ትንሽ አስነጋሪና አንድ የሚያዳምጥ ወላጅ እግዚአብሔር አያሳጣን።